የእናቴ ኩሬ ሲጎድል

እናቴን ቀብረን በአራተኛው ቀን፣ ድንኳኑ በተነሳ ማግስት፣ ኩሬው መጉደል ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለዓሣዎቹ ፉርሽካ ልበትን ወጣሁና ውሃው ከላስቲኩ ጠርዝ አንድ ስንዝር ወርዶ አገኘሁት። ፀሐዩ ነው አልኩ። ማታ ሙሉ የነበረ ውሃ ጠዋት ሲጎድል ፀሐይን መክሰስ የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም፣ ግን ሐዘንተኛ ራሱን ለማታለል ብዙ ብልሃት አያስፈልገውም።

ኩሬው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢዘረጋ የሚያህል፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ጉድጓድ ነው፤ ውስጡ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ተነጥፎበታል። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ጎረቤት ቤት አይታ መጣችና ካልተቆፈረልኝ አለች። አባቴ "ዓሣ በጓሮ! ነገ ደግሞ አዞ ትያለሽ" ብሎ ሳቀባት፤ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ዋልካውን ሲዝቅ ከረመ። የአቃቂ ዋልካ በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ላስቲክ ካልተነጠፈበት ውሃ አይዝም። ኩሬው ካለቀ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱም በርጩማ አውጥተው ዳሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። እሷ ለዓሣዎቹ ታወራለች፣ እሱ እሷን ይሰማል።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ መናገር አቆመ። ሲሰጡት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር ጠዋት በርጩማውን ይዞ ኩሬው ዳር መቀመጥ ነው። እኔም አንድ ነገር አመንኩ፤ ዓሣዎቹ ካለቁ አባቴ ይከተላል። ማንም አልነገረኝም፣ ግን አመንኩ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ኮዬ ፈጬ ያለውን ቤቴን ቆልፌ እሱ ጋ ገባሁ።

ውሃ በሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በዚያ ሳምንት ፈረቃውም ቀረ። በጋሪ ጀሪካን እያስጫንኩ ሞላሁ። የሞላሁት በማግስቱ ይጎድላል። በሦስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛ የሆነው ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና "አትልፊ። ይውረድ ተይው። መውረዱን ያቆመበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው" አለኝ።

ተውኩት። ውሃው ከጉልበት በታች ሲደርስ ቆመ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር፤ ቁራዎቹ አጥሩ ላይ ተደረደሩ። ጠዋት ሰባቱ ሞተው አገኘኋቸውና አባቴ ሳይነሳ ከአጥሩ ሥር ቀበርኳቸው። ዘጠኝ ቀሩ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ቃሊቲ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ወደሚለጥፍ ጎሚስታ ሄድኩ። የኩሬ ላስቲክ ልለጥፍ ነው ስለው ሊስቅ ነበር፤ ጥቁር ልብሴን ሲያይ ተወው። ከአሮጌ ካላማዳሪ መዳፍ የሚያህል ጎማ ቆርጦ ከማስቲሽ ጋር ሰጠኝ። "መጀመሪያ በደንብ ፈግፍጊው" አለኝ።

ዘጠኙን ዓሣዎች በእናቴ የልብስ ሳፋ ውስጥ አድርጌ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። አባቴ በርጩማው ላይ ነበር። ጭቃ የለበሰውን ላስቲክ በመዳፌ እየዳሰስኩ ዞርኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው፤ በበሩ በኩል፣ ልክ ከውሃው እኩል፣ ጣቴ ሾልኮ ገባ። ቀዳዳው ክብ ነው። ላስቲኩ አልተቀደደም፣ ተበስቷል።

እንዲህ ያለ ክብ ቀዳዳ አይጥም ዋልካም አይሠራም። ቀና ብዬ ከላይ ያለውን መሬት አየሁ። የድንኳኑ ካስማ ጉድጓድ እንደተከፈተ ነው።

የእድራችን ወጣቶች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ የተሰነጠቀው ዋልካ ካስማ አልያዘላቸውም፤ ስለዚህ ጫፉ የሾለ ረጅም ፌሮ አመጡ። አንደኛው "እህቴ፣ እዚህ ኩሬ አለ፤ ድንኳኑን ወደ መንገዱ እናውጣው?" ብሎ ጠይቆኛል። ጠይቆኛል! እኔ ነኝ "እናቴ ከግቢዋ አትወጣም፤ እዚሁ ምቱት" ያልኩት። ቤት ውስጥ ሁሉን አዛዥ እኔ ነበርኩ። ፌሮው በሰያፍ ገብቶ ላስቲኩን በሳ፣ ሦስት ቀንም ራሱ ውታፍ ሆኖ ቀዳዳውን ይዞት ቆየ። ሲነቀል ውሃው መንገድ አገኘ።

እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ማንም ሳያውቅ ደፍኜው ልገላገል ብዬ ፈገፈግኩ፣ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ። እጄን ሳነሳ ጎማው ተልጦ ወደቀ። ደግሜ ለጠፍኩት፣ ወደቀ። በሦስተኛው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። "እዚህ ምቱት ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ።

ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ሲመቱት ሰምቻለሁ። ላስቲክ ሲበሳ ድምፁ ሌላ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ሳፋው ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች አየ። "እሷ ከሄደች ምን ያደርግልኛል? ይፍሰስ አልኩ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። በየጠዋቱ የሚቀመጠው ዓሣዎቹን ሊጠብቅ አልነበረም፤ ሲያልቁ ሊያይ ነበር። እኔ በጀሪካን ስሞላ እሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሐዘኔ ሁሉ ንዴት ሆኖ ወጣ።

"እኔስ?" ብዬ ጮህኩበት። "እኔስ አባዬ? እኔም ልፍሰስ?"

ተነስቶ ወደ ቤት ገባ፤ በቃ አሁን ጨረስኩት አልኩ። ሲመለስ ፍም የያዘ ከሰል ማንደጃ፣ ከኩሬው የተረፈ የላስቲክ ቁራጭና የእናቴን የሽንኩርት ቢላ ይዞ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የሠራው፤ የተሰነጠቀ ሳፋዋንና ጀሪካኗን ሁሉ በጋለ ቢላ እያቀለጠ የሚደፍንላት እሱ ነበር።

"ይኼን ማስቲሽ አይዘውም" አለ ሱሪውን እየጠቀለለ። "የሚይዘው እሳት ነው።"

ውሃውን ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ በጣሳ ጨለፍን፣ ላስቲኩን በጨርቅ አደረቅን። ቢላውን ላነሳ ስል "አምጪ፣ ይኼ የእኔ ሥራ ነው" አለኝ። እኔ ቁራጩን ወጥሬ ያዝኩለት፣ እሱ ዙሪያውን አቀለጠው።

ከዘጠኙ ሦስቱ እዚያው ሳፋው ውስጥ ሞቱ። ስድስቱን መልሰን ኩሬው እስኪሞላ ሁለት ፈረቃ ጠበቅን። ዛሬም ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የውሃውን መስመር ነው፤ ሁልጊዜ የጎደለ ይመስለኛል።

ለአርባዋ እንደገና ድንኳን መተከል ነበረበት። ወጣቶቹ ፌሮ ተሸክመው በሩን ሲያንኳኩ ልከፍትላቸው ሮጥኩ። አባቴ ቀድሞኝ ከፍቶላቸው ኩሬው ዳር ቆሟል።

"ወደ መንገዱ አውጡት" አላቸው። "እዚህ ነፍስ አለ።"