ለወፏ «ኖር!»

አያቴን ካጣናቸው ይህ የመጀመሪያው ጥቅምት ነው። ቡሬ ባለው ጓሯችን በርበሬው ሲቀላ፣ ብርዱን ሸሽታ ከባሕር ማዶ የምትመጣ አንዲት አመድማ ወፍ አለች። ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አትመጣም። እሳቸው ግን በረንዳው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከጌሾው ሳይነቅሉ ይጠብቋት ነበር። ብቅ ስትል እንደ ትልቅ እንግዳ ተነሥተው «ኖር!» ይሏታል፤ እሷ ስለማትመልስ ደግሞ እሷን ተክተው ራሳቸው «በእግዜር!» ይላሉ።

አንድ ቀን ሽማግሎች የድንበር ጠብ ሊያስታርቁ እኛ ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ አያቴ ድንገት «ኖር!» ብለው ተነሡ። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ሁሉም ብድግ አለ። በር ላይ ማንም የለም። አያቴ በከዘራቸው ጌሾውን አመለከቱ። የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች እንኳ አብረው ሳቁ። ሴት አያቴ እማምዬ ግን «በወፍ ካህን ያስነሣሉ? አዋረዱኝ እኮ!» እያሉ ሳምንት ሙሉ ተነጫነጩ።

ትናንት ከእማምዬ ጋር በረንዳው ላይ በርበሬ ስንቀነጥስ ጌሾው ነቅነቅ አለ። ያችው ናት! እማምዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና «ኖር!» አሉ። የሚመልስ የለም። ባዶውን መደብ አየሁት።

«ምን ታፈጥጫለሽ?» አሉኝ። «መልሽላት እንጂ! እንግዳ ቆማ ልትቀር ነው?»

«በእግዜር!» አልኩላት። እማምዬ ያን ሲሰሙ ነው የተቀመጡት።