ስተርጅንና ሱና፣ በሴንት ክሮይ ወንዝ ላይ

ወንድሜ ሰይድ ያን ቀን ሱናውን ለምን ጨመረ? ወንዙን፣ ጀልባውን፣ ዓሣውን ሁሉ በቅደም ተከተል መናገር እችላለሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን እስካሁን መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ሪችፊልድ፣ ጎህ ሲቀድ

መስከረም ነው። ብርዱ ገና አልበረታም፤ የመኪናዬ መስታወት ግን ጤዛ ለብሷል። ወንድም ጋሼ ሰይድ አፓርትመንቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እግሩ ሥር በረዶ የሞላ ትልቅ ኩለር አለ፤ በላዩ ላይ ሎሚ በፌስታል።

ልቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ወንድሜ ሶፋ ላይ ነው የሚውለው። ሐኪሙ "ድነሃል፣ እንደልብህ ሁን" ብሎታል። እሱ ግን ደረቱ የተዋሰው ዕቃ ይመስል ይሳሳለታል፤ የወተት ጋሎን እንኳ አያነሣም። በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠምድ ስለነበር፣ ልጁ ሐያት በመጀመሪያ ደሞዟ ይህን የስተርጅን ዓሣ ጉዞ ገዛችለት፤ ጀልባ፣ ማጥመጃ ዘንግና መንገድ የሚያሳይ ጋይድ፣ ለሙሉ ቀን። ከቤተሰቡ ከእኔ በቀር ውሃ የማይፈራ ሰው ስለጠፋ አጃቢነቱ ለእኔ ደረሰ። ሐያት ዋዜማውን ደውላ፣

"አክስቴ፣ ዓሣውን ራሱ ይያዘው፣ ኦኬ? አታግዢው" ብላኛለች።

ኩለሩን እኔ ተሸክሜ ጫንኩት።

መንገድ ላይ

494 አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ምሥራቅ። የኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ገና አልነቃም። ሚሲሲፒን ስንሻገር ጉሙ ከድልድዩ በታች ተኝቷል። ከኮምፒውተር ያተምኩትን አቅጣጫ ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ።

"ቀኝሽን ያዢ።"

"ወረቀቱ ግራ ይላል።"

"ወረቀቱ ታክሲ ነድቶ ያውቃል?"

ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ቀኜን ያዝኩ። ተሳሳትን። አንድ ነዳጅ ማደያ ገብተን በወረቀት ኩባያ ሻይ፣ ለሁለት አንድ ዶናት ቀመስንና ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

ስቲልዋተር፣ ወንዝ ዳር

ቀይ የጡብ ሱቆች፣ መርከብ ሲመጣ ወገቡ ከፍ የሚል የብረት ድልድይ፣ ከማዶ ሌላው ስቴት፣ ዊስኮንሲን። ጋይዱ ዴል ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ እጁ ትል ትል የሚሸት ደግ ሰው። ኩለሩን አየና፣

"ይሄ ለምንድን ነው?" አለ።

"ለዓሣው" አልኩት።

"እኔ ጀልባ ላይ የተያዘ ስተርጅን ይለቀቃል።"

ለወንድሜ ነገርኩት። ዴልን አየ፣ ሎሚውን አየ፤ ከዚያ በአማርኛ፣

"ይዘን የምንለቀው ከሆነ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብለቀውስ?"

ሳቅሁ። ዴል "ምን አለ?" ሲለኝ "ደስ ብሎታል" አልኩት።

ወንዙ ላይ

ዴል ጥልቅ ቦታ ፈልጎ መልህቅ ጣለ። መንጠቆው ላይ እፍኝ የሚሞላ ትል፣ ክሩን የሚያሰጥም ከባድ እርሳስ፣ ከዚያ ዘንጎቹን ከኋላ ማቆሚያቸው ላይ መሰካት። ከዚያ መጠበቅ። ስለ ስተርጅን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አንብቤ ነበር። ቅርፊት የላትም፤ ጀርባዋ ላይ የአጥንት ጋሻ ተደርድሯል፣ ከአፍንጫዋ ሥር አራት ጢም አላት። ሴቷ ሃያ ዓመት ካላለፋት እንቁላል አትጥልም። ይህን ሳነብ ወደድኳት። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ አልፌ ነው።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ደረሰ። ወንድሜ በወንዙ ውሃ ለሶላቱ ታጥቦ ውዱእ አደረገ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቀረ። ዴል ጀልባ ላይ መቆም ስለከለከለ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሊሰግድ ሆነ። ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ በዴል ኮምፓስ ለካሁለት።

"ሰው ወደ ዊስኮንሲን ዞሮ ሲጸልይ ዛሬ ገና አየሁ" አለ ዴል ቀስ ብሎ።

ወንድሜ ሶላቱን የሚከፍተውን ተክቢራ፣ "አላሁ አክበር" እንዳለ የእሱ ዘንግ ጫፍ ንቅንቅ አለ፤ ከዚያ ውሃ እስኪነካ ጎበጠ። ዴል "ጌታዬ!" ብሎ ጠራው።

"አሁን አይሰማህም" አልኩት። "ሶላት አይቋረጥም።"

"እንግዲያው አንቺ።"

ዘንጉን ያዝኩ። የሐያት "አታግዢው" ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ወንድሜ እስኪጨርስ ብቻ ነው አልኩ። ከታች ያለው ነገር ግን እኔን አልጠበቀም።

"ስትሮጥ አትጎትቻት። ስታርፍ ጠቅልዪ" ይላል ዴል። የዘንጉ እጀታ ሆዴን ይወጋኛል፣ ሻሼ ተንሸራትቶ ዓይኔ ላይ ወርዷል። ከኋላዬ የቁርኣን ሹክሹክታ።

የግዴታው ሶላት አራቱ ዙር፣ አራቱ ረከዓ አለቀ። ወንድሜ ሶላቱን ሊዘጋ ወደ ቀኝ ሲያሰላምት ፊቱ በቀጥታ እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረ። ዘንጉን ላቀብለው ወደ እሱ ተጠጋሁ። እሱ እጆቹን አነሣና "አላሁ አክበር" አለ።

ሱና ግዴታ ያልሆነ ጭማሪ ሶላት ነው። ከታመመ ወዲህ ትቶት ነበር። ያን ቀን ሁለት ረከዓ ጨመረ፤ ግንባሩን የሚደፋበትን ሱጁድም አስረዘመው። ደረቱን ፈርቶ ነው? ወይስ ዓሣዋን ለእኔ ሰጥቶኝ ነው?

ሱናውን ሲጨርስ ዓሣዋ መረብ ውስጥ ነበረች፤ እስከ አገጬ የምትደርስ፣ ግራጫ፣ እንደ አሮጌ ሴት የተረጋጋች።

"የማን ናት?" አለ ዴል ካሜራዬን ተቀብሎ።

"ዘንጉ የእሱ ነው" አልኩ። ያልኩት ሐሰት አልነበረም።

ወንድሜ አየኝ። ተንበረከከና፣ ዴል ጅራቷን እየደገፈለት፣ ያቺን የምታህል ዓሣ ደረቱ ላይ አቀፋት። ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። ስትለቀቅ ውሃው ውስጥ ይዟት ቆየ፣ ራሷ ገፍታው እስክትሄድ።

ስንመለስ ባዶውን ኩለር ከመኪና ያወረደው እሱ ነው።

ሪችፊልድ፣ ከዓመት በኋላ

ፎቶው የሐያት ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። "ባባ ያዘው!" ትላለች ለመጣው ሁሉ። ሰዉ ዓሣዋን አይቶ ይደነቃል፣ የወንድሜን ካልሲ አይቶ ይስቃል። እሱም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይሄዳል፤ ጋሎኑንም ያነሣል። እኔም አላረምኳትም። ደግፎ የሚያቆመውን ነገር ከሥሩ መንቀል አልፈለግሁም።

ባለፈው እሑድ ከሐያት ጋር ዕቃ ስናጥብ ከአፌ ወጣ።

"ሐያት፣ ያቺን ዓሣ ያወጣኋት እኔ ነኝ።"

"አይ ኖው፣ አውቃለሁ አክስቴ።" ከሳህኑ ዓይኗን አላነሣችም። "በካልሲ ዓሣ የሚይዝ ሰው አለ?"

"ሶላት ላይ ነበር።"

"ዙህር እኮ አጭር ነው።"

"ሱና ጨመረ።"

"ባባ? ሱና?" አሁን ዞረች።

ከሳሎን የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ዘንድሮ ስንሄድ ዙህርን መሬት ላይ ሰግጄ ነው ጀልባው ላይ የምወጣው። አንቺም ዘንጌን አትነኪም።"

"ሱናውንስ?" አልኩት።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው።