ጸበል የተረጨችው መኪና

ትናንት እዚህ ኦስሎ የፀጉር ማድረቂያዬ ገመድ ተቃጠለና ሽታው መካኒሳ አቦ፣ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ።

አባዬ ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጁ የገጣጠማት መኪና ነበረችን። የኤሌክትሪክ መስመሯንም ራሱ ነው የዘረጋው። መብራቷ በራ፣ ክላክሷም ጮኸ፤ ሽቦዎቿ ግን ገና በናስትሮ አልተጠቀለሉም፣ ሞተሯም ክዳን አልነበረውም። ቢሆንም «መጀመሪያ ትባረክ» ብሎ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወሰዳት።

የንስሐ አባታችን መሪውንና ወንበሩን ጸበል ረጩ፤ ከዚያ ጣሳው ውስጥ የተረፈውን ሽቦዎቹ ላይ ደፉት። አባዬ ሊከለክላቸው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ሽቦው ጨሰ። ክላክሱ ይጮህ ጀመር፤ አልቆም አለ።

«ጮኸ! ስምህ ማን ነው በሉት!» አለ አንድ ጎረምሳ፣ ሰይጣን እንደሚያስወጣ ሰው። ነጠላ ያጣፉት እናቶች ሳይቀሩ ሳቁ።

«አባዬ፣ ጸበሉ እኮ ነው…» አልኩ።

«ዝም በይ! ሽቦውን ሳልሸፍን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ለምን ራሱን እንደሚያዋርድ ያኔ አልገባኝም። የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ መስቀል ሲሳለም ቄሱ ባዶውን ጣሳ ከጀርባቸው ሲደብቁ አይቻለሁ። እኔ ግን ያፈርኩት በአባቴ ነበር። ሰዎች መኪናዋን እየገፉለት ሲመለስ፣ እንደማላውቀው ሰው ራቅ ብዬ ተከተልኩት።

ዛሬም በስልክ ያን ቀን እያነሳ በክላክሱ ይስቃል። አብሬው መሳቅ ያቅተኛል፤ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ አባዬ» ብዬ እዘጋለሁ።