በአጥር ላይ የተማርነው እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ የተማርኩት ግማሹን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቢቸና ባለው ቤታችን ጓሮ የባሕር ዛፍ አጥር ተደግፌ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ዘይነባ ነበረች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ከሞጣ መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እኔና እሷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ ከአንድ ኪስ ቆሎ የምንቆረጥም ጓደኛሞች ነን። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ታዲያ ጋሽ ሰይድ ገበያ የሚዞሩባት በቅሎ አጥሩን ጥሳ ገብታ የጓሯችንን በቆሎ ከነአገዳው ጨረሰችው። አባቴ ቁጡ ነበር፤ ጋሽ ሰይድም መልስ የሚያሳድሩ ሰው አልነበሩም። ተዘላለፉ። እናቴ "ኧረ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ብትል፣ አባቴ "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል!" ብሎ ዝም አሰኛት። እኔንም ዴስክ አስቀየረኝ። "ያን አጥር አልፈሽ ባገኝሽ እግርሽን ነው የምሰብረው" ተባልኩ፤ ታናሽ ወንድሜም ሰላይ ሆኖ ተመደበብኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከወለጋ ተመድበው የመጡት መምህር ገመቹ ስለ ጠቡ የሚያውቁት ነገር የለም። አያያዥ ቃላትን፣ ኮንጃንክሽንን፣ ሲያስተምሩን እጃቸው በጠመኔ ነጭ ሆኖ፣ "ኤንድ፣ በት፣ ኦር እኩያሞችን ያያይዛሉ። ቢኮዝና ኦልዞው ያለበት ግን ብቻውን አይቆምም፣ ሌላ ግማሽ ይፈልጋል" አሉን። ከዚያም ጥንድ ጥንድ አድርገው የቤት ሥራ ሰጡ፤ አንዱ ጀምሮ አያያዡ ላይ ያቆማል፣ ሌላው ይጨርሳል። እኔን ያጣመሩኝ ከማን ጋር መሰላችሁ? ከዘይነባ!

አመሻሽ ላይ አጥሩ ሥር ቆሜ "አይ አም ሳድ ቢኮዝ…" ብዬ ጮህኩ፤ ማዘኔን ነግሬ ምክንያቱን ለእሷ መተዌ ነው። "ዩ አር ፋር!" አለች ከማዶ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ነበርና ከአጥሩ ፈቀቅ አልኩ። እሱ ግን እናቴን "ተያቸው፤ ያጥኑ" አላት፣ ኩራት ቢጤ ፊቱ ላይ እየታየ። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ናፍቆታችንን በአባቶቻችን ፊት ተወጣነው። "ማይ ፋዘር ኢዝ አንግሪ ኤንድ…" ስል "ማይን ኦልሶ!" ትለኛለች፣ የእኔም ማለቷ ነው። እንግሊዝኛችን የተሰባበረ ነበር፤ እንደ አማርኛው "ምንም እንኳ… ግን"፣ "ኦልዞው" ብለን "በት" ካልጨመርንበት አንረካም። እንደዚያ የጣመኝ ትምህርት ግን የለም።

አንድ ምሽት ከማዶ መልስ ጠፋ። ትምህርት ቤትም አልመጣችም። በማግስቱ "አይ ዊል ፕሌይ ኢፍ…" እያልኩ፣ እንባዬ እየወረደ ያንኑ ደጋገምኩት። አባቴ ከመደቡ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

"ያች ልጅ ዛሬም አትመልስም?"

"አትመልስም፣ አባባ።"

"ታማ እንደሆነስ?" ጋቢውን አነሳ። እናቴን "ተነሽ እንጅ! ጠብ ሌላ፣ በሽተኛ መጠየቅ ሌላ" አላት።

ዞረን በዋናው በር ገባን። ዘይነባ በትኩሳት ትነድዳለች። ጋሽ ሰይድ አባቴን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ልጃችን እንዴት ዋለች?" አለ አባቴ።

ጋሽ ሰይድ የተነሱበትን መቀመጫ ለአባቴ ለቀቁለትና እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በነጋታው ያችው በቅሎ ዘይነባን ጤና ጣቢያ ስታደርስ ልጓሟን የያዘው አባቴ ነበር።

ዘይነባ ድና፣ ዛሬ ሞጣ ልጆች ታሳድጋለች። እኔ አሁንም ቢቸና፣ እዚያው ቤታችን ነኝ። በአጥሩ ቦታ የብሎኬት ግንብ ቆሟል፤ በእነ ጋሽ ሰይድ ቤት ተከራዮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ልጆቼ እንግሊዝኛውን ከስልክ ላይ ይለቅሙታል፤ ከእኛ በብዙ ይበልጣሉ፣ ደስም ይለኛል። ባለፈው ሰሞን ግን ከግንቡ ማዶ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። የሞተው ተከራይ ለወራት ታሞ ተኝቶ ኖሯል። ከለቀስተኞቹ መሃል ቁጭ ብዬ፣ ጎኔ ያለችውን ሴት ቀስ ብዬ የሟቹን ስም ጠየቅኋት።