የጋሽ በራ ባለነጥብ ዓሣዎች

ፀጉር አስተካካይ ሆኖ የራሱ አናት ላይ አንድም ፀጉር ስለሌለ ሰፈርተኛው «ጋሽ በራ» ይለዋል። ቅር ብሎት አያውቅም። እሱ ዘንድ የገባ ሰው ሁሉ ቢያንስ ከሱቁ ባለቤት ተሽሎ እንደሚወጣ እየተናገረ ራሱ ይስቃል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት የሚዞሩ ወንበሮች፣ ግድግዳውን የሸፈነ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ከመቀሱም ከማሽኑም አብልጦ የሚሳሳለት የዓሣ ገንዳ።

ዓሣዎቹ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ናቸው። ሲገዛቸው ድብልቅ ነበሩ፤ ግራጫ፣ ባለቀይ ጭራ፣ ጭራቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸውም አሉ። እሱ የወደደው ቀዩን ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ለጠየቀው ሁሉ እያደለ ቀዮቹን ያስቀራል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገንዳው ፍም የተበተነበት መሰለ። ከግራጫውና ከባለነጥቡ የቀሩት ጥቂት ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ሳለ፣ አንድ ግዙፍ ነጋዴ ከወንበሩ ብድግ ሲል መደገፊያው ዞሮ ገንዳውን መታው። የገንዳው መስታወት ተሰነጠቀ፤ ውሃው ወለሉን አጥለቅልቆ በበሩ ወጣ። ግማሽ ጺሙን የተላጨ ሰው ከነአረፋው በጉልበቱ ይድሃል፤ አንዱ በብርጭቆ፣ ሌላው በመላጫ ሳህን ዓሣ ያሳድዳል። አብዛኞቹ ዓሣዎች በውሃው ተገፍተው የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገቡ። የተረፉት ፎጣ ማስቀመጫው ሥር ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የወደቁት ብቻ ነበሩ። ሲታዩ አብዛኞቹ ባለነጥብ፣ ጥቂቶቹ ግራጫ ናቸው። ቀይ አንድም አልነበረም።

ጋሽ በራ ምግብ አልወርድ አለው። ይሁንና አዲስ ገንዳ ገዛ፤ የተረፉት ተባዙ፤ ገንዳው በባለነጥብ ዓሣ ተሞላ። ሐዘኑም ወደ ኩራት ተለወጠ። ባለነጥቦቹ ብርቱዎች ስለሆኑ ከዚያ መዓት እንደተረፉ ለገባ ደንበኛ ሁሉ መተረክ ጀመረ። የባዮሎጂ መምህርት የሆነችው ትልቋ ልጁ አንድ ቀን ሰምታው ሳቀች።

«አባዬ፣ ቀዮቹን ያበዛሃቸው አንተ ነህ፤ መርጠህ ስላስቀረህ። ባለነጥቦቹን ግን ማንም አልመረጣቸውም። ፎጣው ሥር መውደቃቸው ዕድል ነው።»

«ዕድል ብቻውን ገንዳ ሙሉ ዓሣ ይለውጣል እንዴ?» አላት።

«ጥቂት ሲቀሩ ይለውጣል። ብዙ ሲሆኑ ነው ዕድል አቅም የሚያንሰው።»

እልህ ያዘው። እሷም አንድ ሐሳብ አመጣች፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከገንዳው ጥቂት ጥቂት እየቀዳ ለሦስት ጎረቤቶቹ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለፋርማሲዋ ባለቤትና ለጫማ ጠጋኙ ይስጥ። ነጥቡ እውነት የብርታት ምልክት ከሆነ ሦስቱም ዘንድ ያሸንፋል። ጋሽ በራ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ሆኖ በእርጎ ማሰሮና በማርማላታ ጠርሙስ አደላቸው።

ወራት አልፈው አባትና ልጅ ለጉብኝት ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሁሉም ባለነጥብ ሆነዋል፤ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለው መብራት ስለተስማማቸው ነው አለች። ፋርማሲው ውስጥ ነጥብ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ የፋርማሲዋ ባለቤት የእሷ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ቆሻሻ የሚመስል ነጥብ እንዳልወጣባቸው አስረዳች። ጫማ ጠጋኙ ዘንድ ግማሽ በግማሽ ናቸው፤ እሱም ማንንም ስለማያዳላ እንደሆነ ነገራቸው። ሁሉም ዘንድ ዓሣዎቹ ወፍረዋል፤ ደስ ብሏቸው ይዋኛሉ።

ጋሽ በራ መንገድ ላይ ሲደርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እኔም እንዲህ ነበር የማወራው?»

«ኧረ ከዚህም ብሶ!»

ልጁ የየቤቱን ዓሣ ማቀላቀል ልዩነቱን እንደሚያጠብበው ስትነግረው፣ ነገሩን ለማየት እሱው ቀደመ። በሳምንቱ ከፋርማሲው ግራጫዎች የያዘ ጠርሙስ ተቀብሎ፣ አፉን በመዳፉ ከድኖ፣ ውሃ እንዳይፈስበት ቀስ እያለ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት መንገዱን ሲሻገር መኪኖች ቆመው አሳለፉት።