ለናድራ የተቀረጸው ካሴት

በእስክንድርያ ከተማ፣ በኢብራሂሚያ ሠፈር፣ ትራሙ ደወሉን እያሰማ በሚታጠፍበት ማእዘን ላይ፣ ዋጊህ ላቢብ ከአርባ ዓመት በላይ ካሴት ሲቀርጽ ኖረ። ዛሬ ሱቁ የሚተዳደረው በስልክ ሽፋንና በቻርጀር ነው። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ግን እስከ ጣሪያው ድረስ በሰማንያዎቹ የፈረንጅ ዘፈኖች እንደ ተሞላ ነው። ልጁ ሚና "አባባ፣ ይኼን ጥለን ቦታው ይስፋ" ሲለው፣ "አንተ ሆድህን ቀንስ፣ ቦታው ይሰፋል" ከሚል መልስ በቀር አግኝቶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን የሙያው ሥርዓት እንዲህ ነበር። ደንበኛ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ዘርዝሮ ያመጣል፤ ዋጊህ ከሸክላው እየመረጠ በባዶ ካሴት ላይ ይቀርጽለታል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራው ለባለቤቱ ይደርሳል። ቋንቋውን የሚያውቀው ጥቂት ስለ ነበረ የዘፈኖቹ ስም በየሰዉ አፍ የተለያየ ነበር። አንዱ "ከበሮው ደረጃ የሚወርድ የሚመስለውን" ይላል፤ ሌላው "ሰውየው ስልክ ይዞ የሚያለቅስበትን"፤ ሦስተኛዋ "ፀጉሯን እንደ ወታደር የተቆረጠችው የምትጮኽበትን" ትላለች። ዋጊህ ሁሉንም ያውቀው ነበር። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ቆሞ ሲያዜም የሚያዩት ካህኑ አቡና አንድ ጊዜ፣ "ልጄ፣ የሳምንቱ ጩኸት እዚህ ተከትሎህ አይመጣም?" ብለው ቢጠይቁት፣ "አቡና፣ ይመጣል፤ ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል" ብሎ እንዳሳቃቸው ይነገራል።

ከልማዶቹ አንዱ ይህ ነበር፤ የደንበኛውን ስም በማኅደሩ ላይ እንጂ በካሴቱ ገላ ላይ አይጽፍም። ሰዎች ዘፈኑ ሲሰለቻቸው በላዩ ሌላ ያስቀርጹበታልና፣ ስም መለጠፉ ትርፉ ድካም መስሎ ይታየው ነበር። በዚህች ልማድ ምክንያት ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ ግን አርባ አንድ ዓመት ፈጀበት።

ናድራ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የምታስተምር፣ ከእርሱ ሱቅ ባዶ ካሴት እየገዛች መዝሙር የምትቀዳ ልጅ ነበረች። ዋጊህ ያለ ድፍረት የተፈጠረ ሰው ስለ ሆነ፣ ሊላት የፈለገውን በአፉ መናገር ተስኖት፣ ዘጠኝ ለስላሳ ዘፈኖች መረጠ፤ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊትም ድምፁን ቀረጸ። ሐሙስ ዕለት፣ በስጦታ ሰጣት። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አገኛትና ፊቱ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ፣ "ሰማሽው?" አላት። "ሰማሁት፤ ደስ ብሎኛል" አለችው። በማግስቱ እናቱን ወደ እናቷ ላከ። በሰባተኛው ወር ተጋቡ፤ እግዚአብሔርም ትዳራቸውን ባረከላቸው።

ያ ካሴት ዕድሜው አጭር ነበር። ከሠርጉ በፊት የናድራ ወንድም ቴፕ ማጫወቻ ክሩን በልቶት ቀረ። ነገር ግን ናድራ ቤት ስትጠርግም ሆነ ልብስ ስታሰጣ፣ ያንን ከበሮው ደረጃ የሚወርድ የሚመስለውን ዘፈን ታንጎራጉራለች።

"ይኼን ከየት አመጣሽው?" ይላል ዋጊህ።

"ከካሴትህ ነዋ።"

"እኔ ይኼን አልቀረጽኩልሽም። ከሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል።"

"ምስኪን! ራስህ የሰጠኸኝን ልትክደኝ ነው?"

በየዓመቱ ይህ ክርክር ይነሣል፤ በየዓመቱ ዋጊህ ይሸነፋል። ሴት ልጅ የወደደችውን ሁሉ ከወደደችው ቀን ጋር ታያይዘዋለች ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መካከል፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ስሟ ራባብ ነበር። አባቷ ኢድሪስ፣ በጭነት መርከብ ላይ መካኒክ የነበረው፣ ካረፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከቦርሳዋ ካሴት አወጣች፤ በማኅደሩ ላይ "ኢድሪስ" የሚል ጽሑፍ አለ። ዋጊህ የገዛ እጁን ጽሕፈት ወዲያው አወቀ።

"አሞ፣" አለች እንደ አጎት ጠርታው፣ "ይኼን ስልኬ ላይ ሊያደርጉልኝ ይችላሉ? የአባቴ ነው። ወንድሞቼ ሁሉ ይፈልጉታል።"

"ስንት የኔ ካሴት በዚህ ከተማ አለ መሰለሽ!" አለ ዋጊህ ደስ ብሎት። አሮጌውን ቴፕ አቧራውን አራግፎ፣ ካሴቱን ከቶ፣ ተጫነው።

መጀመሪያ የትራም ደወል ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎም አንድ ወጣት፣ እየተርበተበተ፣ እንዲህ አለ፦ "ወይዘሪት ናድራ፣ እኔ ዋጊህ ነኝ፤ የካሴት ቤቱ። ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው። ፈቃድሽ ከሆነ እናቴን ወደ እናትሽ እልካለሁ። ፈቃድሽ ካልሆነ ካሴቱን መልሺልኝ፤ እኔም ምንም እንዳልጠየቅኩ እሆናለሁ።"

ዋጊህ እጁን ከቴፑ ላይ አላነሣም። ወደ ራባብ ተመለከተ፤ ወደ መደርደሪያው ተመለከተ፤ የገዛ ድምፁን ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ የተናገረው ይመስል ዘወር ብሎም አየ።

ራባብ ሳቀች። "ይኼን ነው የምንወደው! አባቴ ያዘዘው ሌላ ነበር፣ የደረሰው ይኼ ነው። ሐሙስ እንደ ተቀበለ በዚያው ቀን መርከቧ ተነሣች። ባሕር ላይ ሲከፍቱት ይኼ ወጣ። የመርከቧ ሰው ሁሉ የናድራን ስም ያውቅ ነበር። ካፒቴኑ ሳይቀር 'ናድራ ምን አለች?' እያለ ይጠይቅ ነበር አሉ።"

"ታዲያ… ታዲያ ለምን አልመለሰውም?"

"መጥቶ ነበር እኮ! በሰባተኛው ወር ሲመለስ፣ 'ይኼ የሰው ጉዳይ ነው፣ ልመልስ' ብሎ ቢመጣ ሱቁ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ 'ለሠርግ ተዘግቷል' የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አባቴ እዚያው ቆሞ ሳቀ፤ 'በቃ፣ እሺ ብላዋለች' ብሎ ይዞት ተመለሰ። ለሰውየው ሁልጊዜ ዱዓ ያደርግለት ነበር።" ቀና ብላ አየችው። "አሞ፣ ምነው? ላብዎ…"

"ምንም። ጾም ነው" አለ ዋጊህ። ከዚያ ካሴቱን ትታለት ሐሙስ እንድትመለስ ለመናት።

ያቺ የጥንቷ ሐሙስ እየቆየች ታወሰችው። ሁለት አንድ ዓይነት ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። መብራት ጠፋ። በሻማ ማኅደሮቹን ጻፈ፤ በሻማ ካሴቶቹን ከተተ። እንግዲያውስ ኢድሪስ የወሰደው የናድራን ነው፤ ናድራ የወሰደችው የኢድሪስን ነው። እስከዚህ ድረስ ገባው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ተዘበራረቀበት። ናድራ ጥያቄውን ካልሰማች፣ "ደስ ብሎኛል" ያለችው ለምንድን ነው? "ፈቃድሽ ካልሆነ መልሺልኝ" ብሎ ነበር፤ ካሴቱም በሠርጉ ቀን እስከ ሱቁ ደጅ ተመልሶ ነበር! የመለሰው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ይህ ምን ይባላል? ሚስቱ ናት ወይስ አይደለችም? በእርግጥ ናት፤ አክሊሉን በራሳቸው ላይ ያደረጉት አቡና ናቸው። ነገር ግን እሺ ያለችው ማንን ነው?

ሱቁን ዘግቶ፣ ካሴቱን በኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ትራም ተሳፈረ። ጥቂት ቆይቶ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያየው አስተዋለ።

"ሐጅ፣ ተሳስተሃል!" አለች አንዲት ወፍራም ሴት ዘንቢሏን ታቅፋ። "ይኼ የሴቶች ፉርጎ ነው።"

"ተዪው፣ ሙሽራ እየፈለገ ይሆናል" አለች ሌላዋ፤ ፉርጎው በሳቅ ተሞላ።

"አለችኝ" አለ ዋጊህ፤ ወዲያውም አፉን ያዘ፤ የተናገረው እውነት መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበረምና። ክሊዮፓትራ ጣቢያ መውረድ ሲገባው አልፎ ሲዲ ጋብር ወረደ፤ በእግሩም ተመለሰ።

ናድራ ለእራት ቢሳራ እያማሰለች ነበር። የባቄላው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ዋጊህ ኮቱን ሳያወልቅ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"ኡም ሚና፣" አለ በልጃቸው ስም ጠርቷት፣ "ያኔ የሰጠሁሽ ካሴት ውስጥ… እኔ ተናግሬ ነበር?"

"ምን ተናግረህ?"

"ንግግር። ድምፄ።"

"የምን ድምፅ? አንተ ያኔ በአካልም ድምፅ አልነበረህም!" ማማሰያውን አንሥታ አየችው። "ሁለቱንም ገጽ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። እናቴም ከበሩ ኋላ ሆና አዳመጠችው። ከበሮና ጩኸት ብቻ ነው። እናቴ 'ይኼ ልጅ ጤነኛ ነው?' አለች።"

"ታዲያ ለምን ደስ ብሎኛል አልሽ?"

"ደስ ስላለኝ ነዋ! ሌላው ሁሉ ለሴት ልጅ የሚያለቅስ ዘፈን ነበር የሚልከው። አንተ ግን ያን የመሰለ ከበሮ ላክህ። ይኼ አንገት ደፊ ልጅ ለካ ውስጡ እሳት አለ፣ እኔንም እሳት ያለኝ አድርጎ ቆጠረኝ ብዬ ነው። ምነው፣ ዛሬ ምን ነካህ?"

ዋጊህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከሻማው ጀምሮ እስከ ራባብ ድረስ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ናድራ እሳቱን አጠፋች። ከዚያም እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ "አምጣው፤ ልስማው" አለች።

የሚናን አሮጌ ቴፕ ከአልጋ ሥር አወጡ። ያ ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተርበተበተ፤ ጠየቀ። ናድራ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው። ቀጥሎ ለስላሶቹ ዘፈኖች መጡ። አንዱ በዝናብ ውስጥ ስለ መጠበቅ ነው፤ ሌላው ስለ ደብዳቤ። በአራተኛው ላይ አንገቷ ዘንበል አለ። በአምስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ገጹ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል ነቃች። "አቡ ሚና፣ እውነቱን ልንገርህ?"

"ንገሪኝ።"

"ይኼ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ እመልስልህ ነበር።"

ዋጊህ በዚህ ቃል ማዘን እንዳለበት አሰበ፤ ሐዘኑ ግን አልመጣለትም። ደስታም አልነበረም። በዚያች ምሽት በጸሎት ጊዜ ስለ ኢድሪስ ነፍስ ቆመ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን ግራ ገባው። አመሰግንሃለሁ ይበለው? ይቅር በለኝ ይበለው? ሰውየው የሚወዳቸውን ዘፈኖች አዝዞ፣ ሳይሰማቸው ወደ ባሕር ወጣ፤ በእነርሱም ሌላ ሰው ሚስት አገኘ። ዋጊህ የዳዊትን መዝሙር ደግሞ ደጋግሞ፣ አንድ ነገር ብቻ ለየ፤ የኢድሪስ ትእዛዝ እስካሁን አልተፈጸመም።

በማግስቱ ናድራን ይዟት ወደ ሱቁ መጣ። የትእዛዙ ወረቀት ከጠፋ ዘመን አልፎታል፤ የቀረው በእርሷ ራስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እርሷ ታንጎራጉራለች፤ እርሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይፈልጋል።

"ይኼ ነው?"

"አይደለም፤ ይኼ ሰነፍ ነው።"

"ይኼስ?"

"እሱ ነው! ዝቅ አታድርገው!"

በሁለት ቀን ውስጥ ከዘጠኙ ስምንቱ ተገኙ። ዘጠነኛው ግን እምቢ አለ። ናድራ መካከሉን እንጂ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አታስታውስም፤ ዋጊህ ደግሞ በገዛ እጁ የቀረጸው ሆኖ ሳለ፣ ሰምቶት የሚያውቅ እንኳ አልመሰለውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራባብ መጣች። ዋጊህ እንዲህ አላት፦ "ልጄ፣ ያ የካሴት ቤቱ ልጅ እኔ ነኝ። ናድራ ይህቺ ናት።" ራባብ እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያም ናድራን አቀፈቻት፤ ሁለቱም ለምን እንደሚያለቅሱ በቅጡ ሳያውቁ አለቀሱ።

የኢድሪስን ዘፈኖች ከፈቱላት። ከበሮው ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ራባብ ቀጥ ብላ ቆመች። "ይኼን አባቴ ጢሙን ሲላጭ ያፏጨው ነበር! ከየት እንዳመጣው አናውቅም ነበር።"

"ሌላስ ምን ያፏጭ ነበር?" አለ ዋጊህ ቶሎ።

ራባብ አሰብ አድርጋ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ አንድ ዜማ ጀመረች። ናድራ መካከሉ ላይ ደርሳ ተቀበለቻት። "እሱ ነው! ዘጠነኛው!" ብላ ጠረጴዛውን መታች። ዋጊህ ጆሮውን አዘነበለ። አንዷ ፈጥና፣ አንዷ ዘግይታ፣ በየፊናቸው ያዜማሉ፤ ዘፈኑ የትኛው እንደ ሆነ ግን አሁንም አላወቀውም። ከተራራ የረዘመውን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር ቃኘው፤ ከየት እንደሚጀምር አጣው።

መሰላሉን አስጠግቶ አንድ እግሩን ካሳረፈ በኋላ ቆም አለ። አርባ አንድ ዓመት የዘገየው ነገር በጉሮሮው ላይ መጣበት፤ እንደ ያኔው ጠረገው።

"ናድራ፣" አለ ዘወር ብሎ፣ "ፈቃድሽ ነው?"

ትራሙ በማእዘኑ ላይ ደወሉን አሰማ። ናድራ የሥራ ሰዓት የሚያባክን ሠራተኛ እንደ ያዘች ሁሉ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

"መጀመሪያ ውጣና ዘጠነኛውን ፈልግ" አለችው።

ዋጊህም መሰላሉን ወጣ።