መኪናው ውስጥ የሞተ ሰው አለ?

በከተማችን በንፋስ መውጫ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሁሉ አጎቴን ይዞ ይሄድ ነበር። እሳቸው ሞተሩን ሳያዩ በፊት ሻጩን ዐይን ዐይኑን እያዩ፣ “መኪናው ውስጥ የሞተ ሰው አለ?” ይሉታል። መኪና መሸጫ ቤት ግን አይገቡም። “እዚያ ደላላ እንጂ ባለቤት የለ፤ ማንን ልጠይቅ?” ይላሉ። እስቅባቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው፣ በገዛ መኪናቸው የኋላ ወንበር ጭኔን ተንተርሰው ዐረፉ። እናቴ “ለመሸጫ ቤት እንስጠው፣ እነሱ ነገር አያበዙም” ብትል እምቢ አልኳት።

ትናንት አንድ ገዥ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ ብቻውን ነድቶ ሞከረው። ተመልሶ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

“እህቴ፣ ከኋላ ሆነው መንገዱን ሙሉ ሲያስሉ የነበሩት አባት ማን ናቸው?”

“አጎቴ ናቸው። እዚያው ነው የሞቱት።”

ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ ሄደ። እኔ በዚያ ወንበር ስንት ቀን ብቻዬን ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን ድምፃቸውን አላሰሙኝም።